ሆደ ባሻና ሆደ ሰፊ፦ ጠባይ፣ ጭንቀትና ምግብ በቋራ ቆላ

በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ የክትባት መድኃኒት ማቀዝቀዣዎችን ለመመልከት ወደ ቋራ ወረዳ ዋና ከተማ ወደ ገለጉ ወርደን ነበር። ወቅቱ የሰሊጥ አጨዳ ነው። ሰሊጥ በደረሰ ጊዜ ፈጥኖ ካልታጨደ ቅርፊቱ ተከፍቶ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል፤ ስለዚህ ባለ እርሻው ጊዜ የለውም፣ ከደጋ የወረደው ሠራተኛም ዕረፍት የለውም። ሥራችንን ጨርሰን መኪና ስንጠብቅ፣ ከከተማዋ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ እርሻ ሁለት ሌሊት አደርን። ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነን እዚያ ያየነው ነገር ነው።

በእርሻው ለሠላሳ ያህል ሠራተኞች የሚያበስሉ አንዲት እናት ነበሩ። ከሠራተኞቹ መካከል ማን እንደታመመ ከሁሉ ቀድመው የሚያውቁት እሳቸው መሆናቸውን ባለ እርሻው አጫወተን። በምን ያውቃሉ ብለን ብንጠይቃቸው፣ ማን ምን ያህል እንደጎረሰ ለመቁጠር እንደማይሞክሩ ነገሩን፤ ስድስት ሰው ከአንድ ትሪ ሲበላ ይህ አይታወቅምና። እሳቸው የሚያዩት ከጓደኞቹ ቀድሞ እጁን የሚታጠበውን ነው።

በዚያ ሰሞን ቀድሞ የሚታጠብ አንድ ወጣት ነበር። ከደጋ የወረደው ዕዳ ሊከፍል ነው። ሥራው እንከን የለበትም፤ ያጨደውን ሰሊጥ ሂላ አድርጎ ካቆመ በኋላ ያልተስተካከለ መስሎ ከታየው አፍርሶ እንደገና ያቆመዋል። ምግቡ ግን ከቀን ወደ ቀን እየቀነሰ ሄዷል። ወባ ይሆናል ተብሎ ደሙ ተመርምሯል፤ አልተገኘበትም። ሌላም ሰው ነበር፤ ዕድሜው ጠና ያለ፣ ቀን ከሰው ጋር እምብዛም የማይበላ፣ ሌሊት ግን ሁሉ ከተኛ በኋላ ተነሥቶ የተረፈውን እንጀራ በፍጥነትና በድብቅ የሚጨርስ። እኚህ እናት ለሁለቱም ስም ሰጥተዋቸዋል። የመጀመሪያው «ሆደ ባሻ» ነው፤ ሁለተኛው «ሆዳም» ነው።

እኛም ሁለት ሌሊት ያሰብነው ይህንኑ ነበር። ሰው ምግብ አልበላ ሲለው ወይም መብላት ማቆም ሲያቅተው፣ ነገሩ የጠባይ ነው፣ የጭንቀት ነው፣ ወይስ የሆድ ብቻ? የፊዚክስ መምህር በዚህ ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። የሚያገባው ነገር አለ፤ ይህ ጥያቄ ከግማሽ በላይ የልኬት ጥያቄ ነውና። እንግዲህ ከምናውቀው እንነሣ።

የሙቀቱ ድርሻ

ገለጉ ከባሕር ወለል በላይ ከ1 ሺህ ሜትር በታች የምትገኝ ቆላ ናት። አንድ አዋቂ ሰው በቀን 2 ሺህ ኪሎ ካሎሪ ያህል ይመገባል እንበል። ይህ 8.4 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው፤ በቀኑ 86,400 ሰከንዶች ሲካፈል 97 ዋት ይደርሳል። እያንዳንዳችን እንግዲህ እንደ አንድ ባለ መቶ ዋት አምፖል ሙቀት እየለቀቅን እንውላለን ማለት ነው። አጫጁ ደግሞ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ጡንቻ ከሚያቃጥለው ኃይል ወደ ሥራ የሚለወጠው ከአራት አንዱ ወይም ከዚያም ያነሰ ሲሆን የቀረው ሙቀት ይሆናል። አጫጁ 300 ዋት ሙቀት ቢያመነጭና የአየሩ ሙቀት ከቆዳው ሙቀት ቢበልጥ፣ ሙቀቱን የሚያስወግድበት መንገድ ላብ ብቻ ነው። አንድ ሊትር ላብ ሲተን 2.4 ሚሊዮን ጁል ያህል ይዞ ስለሚሄድ፣ በሰዓት ግማሽ ሊትር ለሚጠጋ ውኃ ዕዳ አለበት ማለት ነው።

ምግብ መፍጨትም ራሱ ሙቀት ያመነጫል፤ ከተበላው ምግብ ኃይል አንድ አሥረኛው ያህል በዚሁ ይባክናል። ስለዚህ ሙቀት የበዛበት አካል የምግብ ፍላጎቱን ይቀንሳል። ጆንሰንና ካርክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1947 እ.ኤ.አ. በ«ሳይንስ» መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፣ የፈለጉትን ያህል እንዲበሉ የተተዉ ወታደሮች በበረሃ በቀን 3,100፣ በዋልታው ብርድ ግን 4,900 ኪሎ ካሎሪ ያህል እንደተመገቡ አሳይተዋል።

ይሁን እንጂ ሠላሳዎቹም ሠራተኞች ያሉት በአንድ ሙቀት ውስጥ ነው። ሙቀቱ የሠላሳውን አማካይ ለምን ዝቅ እንዳለ ያስረዳናል፤ አንዱ ከአማካዩ ለምን እንደራቀ ግን አያስረዳንም። በቤተ ሙከራ ተማሪዎቻችንን ደጋግመን የምንነግራቸው ይህንን ነው፤ የአማካዩ ምክንያትና የልዩነቱ ምክንያት አንድ መሆን የለባቸውም።

ወደ ልዩነቱ ምክንያት ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር በጥብቅ ማስታወስ ይገባል። በመተማ፣ በቋራና በሁመራ ቆላ ምግብ አልበላ ያለው ሰው ሁሉ ሐሳብ የያዘው አይደለም። በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛር በዚህ ምድር ያለ በሽታ ነው፤ ለሳምንታት የሚቆይ ትኩሳት፣ የጣፊያ ማበጥ፣ ክሳትና የምግብ ፍላጎት ማጣት ምልክቶቹ ሲሆኑ ካልታከመ ይገድላል። በተለይ የሚያጠቃውም በየዓመቱ ለአረምና ለአጨዳ የሚወርደውን ደገኛ ነው። ሳንባ ነቀርሳም እንዲሁ ያከሳል። የደም ምርመራ የሚቀድመው ለዚህ ነው። ሐኪም ካላዛር የያዘውን ሰው «ጭንቀት ነው» ብሎ ቢሸኘው ስሕተቱ የሰው ሕይወት ያስከፍላል።

ሆድ የሚሸከመው

ቋንቋችን የስሜትን መኖሪያ በሆድ ውስጥ አድርጓል። የተቀየመ «ሆድ ባሰው» ይባላል፤ ታጋሹ ሆደ ሰፊ ነው፤ በጥቂቱ የሚከፋው ሆደ ባሻ ነው፤ የማይነገር ነገር «ሆድ ይፍጀው» ይባላል። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገርም አለ፤ በአጨዳ ሰሞን ማጭዱ በየሰዉ እጅ ነውና አነጋገሩ ገለጉ ላይ ከወትሮው በላይ ጆሮ ይገባል። እነዚህን አባባሎች ያነሣነው ለጌጥ አይደለም። አባቶቻችን አንዱን የጠባይ ዓይነት ከስሜት ጉዳት ጋር፣ ሁለቱንም ከሆድ ጋር ሲያያይዙ፣ ዛሬ የሥነ ልቡና ሊቃውንት በመጠይቅና በሒሳብ የሚያያይዟቸውን ሦስት ነገሮች በአንድ ቃል አስረዋቸዋል።

የሥነ ልቡና ሊቃውንት የሰውን ጠባይ ለመለካት በብዛት የሚሠሩበት አምስት መስፈርቶች ያሉት ሥርዓት ነው፤ ይኸውም ሥጋትና ሐዘን በቀላሉ የሚያድርበት መሆኑ፣ ከሰው ጋር መቀላቀል መውደዱ፣ ለአዲስ ነገር ክፍት መሆኑ፣ ከሌሎች ጋር ተስማሚነቱና ጥንቁቅነቱ ናቸው። ከአመጋገብ መዛባት ጋር ደጋግሞ ተያይዞ የተገኘው የመጀመሪያው ነው። ሥጋት በቀላሉ የሚያድርበት ሰው፣ ማለትም የእኛው ሆደ ባሻ፣ ከሌላው ይልቅ በጭንቀት ጊዜ ምግቡ ይዛባል። ወደየት አቅጣጫ እንደሚዛባ ግን ይህ ጠባይ ብቻውን አይወስነውም።

አቅጣጫውን ለመገመት ሌሎች ሁለት ጠባዮች ይረዱናል። አንደኛው ከልክ ያለፈ ፍጽምና ፈላጊነት ነው። ራሱን በማይደረስበት መለኪያ የሚለካ ሰው፣ ዓለሙ ከቁጥጥሩ ሲወጣ በእጁ የሚቀረው አንድ ነገር ወደ አፉ የሚገባው ነው፤ ምግብን መከልከል የመቆጣጠር ስሜት ይሰጠዋል። በ1873 እ.ኤ.አ. በለንደን ጋል፣ በፓሪስ ላሴግ የተባሉ ሐኪሞች የገለጹትና ኋላ አኖሬክሲያ ነርቮሳ በሚል ስም የታወቀው በሽታ ከዚህ ጠባይ ጋር በብርቱ ተያይዞ ይገኛል። ሁለተኛው ደግሞ በስሜት ግፊት መቸኮል ነው። ይህ ሁልጊዜ ችኩል መሆን አይደለም፤ በሰላሙ ጊዜ ረጋ ያለ ሰው ሲከፋው ብቻ ሳያስብ የሚያደርገው ነገር ነው። ጄራልድ ራስል በ1979 እ.ኤ.አ. ቡሊሚያ ነርቮሳ ብሎ የሰየመው፣ ከመጠን በላይ በልቶ በማስታወክ የሚታወቀው በሽታ ከዚህኛው ጋር ይዛመዳል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው አምስተኛ መዝገብ ራሱን ችሎ የቆመው፣ ሳያስታውኩ በድብቅና በፍጥነት ከልክ በላይ የመብላት ሕመምም እንዲሁ ነው። ይህ የመጨረሻው በአብዛኛው የሚታየው በአዋቂዎች ላይ ሲሆን ወንዶችን የሚይዝበት መጠንም ከሌሎቹ ከፍ ያለ ነው። የአመጋገብ መዛባት የልጃገረዶች ጉዳይ ብቻ ነው የሚለውን አስተያየት መተው የሚገባንም ለዚህ ነው።

አንድ ሰው ለምን ተደብቆ ይበላል? ሄዘርተንና ባውማይስተር በ1991 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ማብራሪያ ለእኛ አሳማኝ ነው። በእነርሱ አስተያየት ይህ ሰው የሚሸሸው ከራሱ ነው። «እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ» የሚለው ሐሳብ የማይቻል ሸክም ሲሆንበት፣ አእምሮውን ከፊቱ ባለው ነገር ላይ ያጠብበዋል፤ ለጥቂት ደቂቃ ጉርሻውና ማኘኩ ብቻ ይቀራሉ። ሲጨርስ ሐሳቡ ከኀፍረት ጋር ተመልሶ ይመጣል።

ይህን ስንጽፍ የራሳችን ነገር ይታወሰናል። የዶክትሬት ትምህርታችንን ብርድ በበዛበት አገር ስንማር፣ የሌዘር ሙከራችን ለሰባት ወር እምቢ ብሎን ነበር። ቀን ላይ ምግብ ቤት የምንሄደው እንዳንታማ ነበር፤ ሌሊት ግን ቤተ ሙከራው ውስጥ ቆመን ደረቅ ዳቦ እስክንጨርስ እንበላለን። ማንም አላወቀም። ኋላ ከአገር ቤት አንድ ወዳጃችን ሊጠይቀን መጥቶ፣ ያበሰለውን ሽሮ አቅርቦ «በሞቴ» ሲለን እንባችን መጣ። በዚያ ከተማ «በሞቴ» የሚል ሰው እንዳልነበረን የገባን ያን ጊዜ ነው።

በሰውነት ውስጥ የሚሆነውን በአጭሩ እንለፈው። በድንገተኛ ጭንቀት ጊዜ አንጎል የሚያመነጨው ኬሚካል የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ ጭንቀቱ ሳምንታትና ወራት ሲዘልቅ ግን ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን ይበረክትና ብዙውን ሰው ወደ ጣፋጭና ቅባት ይስበዋል። በ1994 እ.ኤ.አ. የተገኘው ሌፕቲን ጥጋብን፣ በ1999 እ.ኤ.አ. የተገኘው ግሬሊን ረሃብን ለአንጎል ያሳውቃሉ። በቆላው ከተሞች እንደሌላው ስፍራ ሁሉ ጫት የሚቅም አለ፤ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነውና በምርቃናው ሰዓት ረሃብ አይሰማም፤ ለጨብሲ የሚጠጣው መጠጥ ደግሞ ሆድ ሳይጠግብ ካሎሪ ይሞላል። ድካሙን በጫት፣ ትካዜውን በአረቄ የሚያስታግስ ሠራተኛ የምግብ ፍላጎቱ የሚለካበት መሣሪያ ተበላሽቶበታል ማለት ይቻላል።

ጠባይ ወይስ ረሃብ?

እስካሁን ያልነው ሁሉ ከጠባይ ወደ ጭንቀት፣ ከጭንቀት ወደ ምግብ የሚሄድ ቀጥ ያለ መስመር ይመስላል። መስመሩ ግን ቀጥ ያለ አይደለም። ይህንን ከሁሉ አጉልቶ ያሳየው በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ የመራው ሙከራ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ ለጦርነት አንዘምትም ያሉ 36 ጤነኛ ወጣት አሜሪካውያን፣ በአውሮፓ የተራቡትን ለመርዳት የሚያገለግል ዕውቀት እንዲገኝ ሲሉ በፈቃዳቸው ለመራብ ተስማሙ። የተመረጡት በአካልም በአእምሮም ጠንካሮች ስለሆኑ ነው። ለ24 ሳምንታት በቀን 1,600 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ብቻ እየተሰጣቸው በየሳምንቱ ብዙ ኪሎ ሜትር በእግራቸው እንዲሄዱ ተደረገ። ክብደታቸው በአንድ አራተኛ ያህል ቀነሰ።

ለእኛ ዋናው ነገር ክብደቱ አይደለም። እነዚያ ደስተኛና ተጫዋች የነበሩ ሰዎች ነጭናጮች፣ ተጠራጣሪዎችና ብቸኞች ሆኑ። በጠባይ መጠይቁ ላይ የትካዜና የሥጋት ነጥባቸው ከፍ አለ። የምግብ አሠራር መጻሕፍት ይሰበስቡ፣ ምግባቸውን ለረጅም ጊዜ ያገላብጡ፣ ሳህን ይልሱ ጀመር። አንዱ የገዛ ጣቶቹን በመጥረቢያ ቆረጠ። እንደልባቸው እንዲበሉ በተፈቀደላቸው ጊዜም ነገሩ አላበቃም፤ አንዳንዶቹ በቀን ከ5 ሺህ እስከ 10 ሺህ ኪሎ ካሎሪ በልተው እንኳ ራበን ይሉ ነበር፤ ይህም ለወራት ቆየ።

ውድ አንባቢ፣ እነዚህን ሰዎች በሃያኛው ሳምንት ያገኛቸው፣ ስለ ሙከራው ያልሰማ የሥነ ልቡና ባለሙያ ምን ይላቸው ነበር? ሆደ ባሾች፣ በአንድ ነገር የሚንገበገቡ፣ በተፈጥሯቸው ጭንቀታሞች ይላቸው ነበር። ከስድስት ወር በፊት ግን እንዲህ አልነበሩም። ጠባይ ብለን የለካነው ነገር የረሃብ ውጤት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በፊዚክስ ቋንቋ ይህ ግብረ መልስ ያለው ሥርዓት ነው፤ ጭንቀት ምግብን ይቀንሳል፣ የምግብ ማነስ ጭንቀትን ይጨምራል፣ የጨመረው ጭንቀት ደግሞ ምግብን። ማይክሮፎን ወደ ድምፅ ማጉያው ተጠግቶ ሲጮህ እንደሚሰማው ያለ ነው፤ ጩኸቱ ከየትኛው ጀመረ ብሎ መጠየቅ ትርጉም ያጣል፤ የጩኸቱን ብርታት የሚወስነው ማጉያው ነው። እኛ እንደሚመስለን የጠባይ ድርሻ ይህ ነው። ሆደ ባሻነት የጭንቀቱ ምንጭ ሳይሆን ማጉያው ነው።

ከዚህ አንጻር በእርሻው ለሁለተኛው ሰው የተሰጠው «ሆዳም» የሚለው ስም ፍርደ ገምድልነት ነበር። ቀን ከሰው ተነጥሎ ሆዱን የሚያስርብ ሰው ሌሊት ቢሰብረው፣ የሚኒሶታ ወጣቶች ያደረጉትን ነው ያደረገው። ረጅም የረሃብ ዓመታት ያሳለፈ ሰውም ምግብ ባገኘ ጊዜ በልክ መብላት ቢያቅተው ነውር የለውም። «ሆደ ባሻ» የተባለው ወጣት ነገር ደግሞ ግማሽ እውነት አለው። ሂላውን አፍርሶ እንደገና የሚያቆመው ሰው ማጉያውን ይዞ መጥቶ ነበር፤ ጩኸቱን የጀመረው ግን ዕዳው ይሁን፣ ሙቀቱ፣ ወይስ ከቤት መራቁ፣ ማንም አልጠየቀውም።

የጥያቄው ችግር

መጠየቁም ቢሆን ቀላል አይደለም። በዓለም ላይ ለዚህ ጉዳይ በብዛት የሚሠራበት መጠይቅ ጋርነርና ባልደረቦቹ በ1982 እ.ኤ.አ. ያዘጋጁት ባለ 26 ጥያቄ ነው፤ 20 ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልገዋል ይባላል። ከጥያቄዎቹ ውስጥ ሰዎች የበለጠ እንድትበላ እንደሚፈልጉ፣ እንድትበላ እንደሚጫኑህ፣ እየራበህ ከምግብ እንደምትቆጠብ የሚጠይቁ አሉበት። እስቲ ይህን ይዘን ገለጉ እንውረድ። «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» በሚባልበት አገር እንድበላ የሚጫነኝ ሰው የለም የሚል ማን አለ? የለም ካለም ያሳዝነናል እንጂ ጤነኛ ነው አንለውም። በዓመት ከ180 ቀን በላይ የሚጾም ምእመንስ፣ ረመዳንን የሚጾም ሙስሊምስ እየራበኝ ከምግብ እቆጠባለሁ ቢል ምኑ ይገርማል? መሣሪያው አልተሰበረም፤ የተስተካከለው ግን ለሌላ አገር ገበታ ነው።

ጾም ሕመም አይደለም፤ ጾም በማኅበር የሚገባበትና የሚወጣበት ቀንና ሰዓት አለው፤ ለታመመም ይፈታል። ነገር ግን በጾም ጥላ ሥር የሚጠለል ሕመም መኖሩ በጋና ታይቷል። በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሚማሩ ልጃገረዶች መካከል ራሳቸውን በማስራብ ብቻ እጅግ የከሱ አሥር ተማሪዎች ተገኝተዋል። አንዳቸውም ውፍረትን አይፈሩም፤ ሁሉም ግን አለመብላታቸውን በሃይማኖት ቃል፣ ራስን እንደመግዛት አድርገው ይገልጹታል። ስለ ቅጥነት ብቻ የሚጠይቅ መጠይቅ እነዚህን ያልፋቸው ነበር። የቅጥነት ምኞት አይደርስብንም ማለታችንም ግን አይደለም። ቴሌቪዥን በ1995 እ.ኤ.አ. በገባበት በፊጂ አንድ አውራጃ፣ አን ቤከር ከሦስት ዓመት በኋላ ካገኘቻቸው ልጃገረዶች አንዳንዶቹ ለመቅጠን ብለው ማስታወክ ጀምረው ነበር፤ ቀድሞ ይህን የሚያደርግ አልነበረም። ዛሬ ስልኩ ገለጉም ደርሷል።

በአገራችን ለዘመናት ሲሠራበት የቆየው የዓለም ጤና ድርጅት ባለ 20 ጥያቄ የጭንቀት መጠይቅ ነው። አዎ ወይም አይደለም ብቻ የሚመለስበት ሲሆን ያለፉትን 30 ቀናት ይመለከታል። ከሃያዎቹ ሦስቱ የሆድ ጥያቄዎች ናቸው፤ ስለ ምግብ ፍላጎት፣ ስለ ምግብ መፈጨትና በሆድ ውስጥ ስለሚሰማ ምቾት ማጣት። ኮርትማንና ተን ሆርን የዚህን መጠይቅ ነገር በኢትዮጵያ መርምረው በ1988 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ፣ መልሱ ተጠያቂው ጥያቄውን በተረዳበት መንገድና በመመለሱ ሊያገኝ በሚያስበው ነገር እንደሚወሰን አሳይተዋል። ይህን ስናነብ የእርሻው ሠራተኛ ታወሰን። ምግብ አልበላ ብሎሃል ወይ ብንለው፣ አዎ ካለ ደመወዙ የሚቀርበት ወይም ወደ ቤቱ የሚሸኝ መስሎት አይደለም ይለናል። ዕርዳታ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ፣ ፍላጎት አለኝ ካለ እህል ያለው እንዳይመስልበት ይሠጋል።

ይህ የወረቀት ክርክር ብቻ እንዳልሆነ በ2015 ዓ.ም. እዚያው መተማ ላይ ታየ። በሚያዝያ ወር በሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ብዙ ሺህ ሰው በመተማ በኩል ገባ፤ ኩመርና አውላላ በተባሉ ስፍራዎችም መጠለያ ተከፈተ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር የዓለም ምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካ የዕርዳታ ድርጅት እህል ላልታሰበለት ወገን እየዋለ ነው በማለት በኢትዮጵያ የሚሰጡትን የምግብ ዕርዳታ አቋረጡ፤ ለስደተኞች መልሰው የጀመሩት በ2016 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው። እንግዲህ ከካርቱም ልጆቿን ይዛ የሸሸች፣ ዘመድ የቀበረች ሴት በነሐሴ ወር በድንኳኗ ውስጥ ከስታ ብትገኝ፣ ክሳቱ የምግብ እጥረት ነው፣ የሐዘን ነው፣ ወይስ ያገኘችውን ለልጆቿ መስጠቷ? ሦስቱም ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒታቸው ግን አንድ አይደለም። ለተራበ ሰው ምክር መስጠት ጭካኔ ነው። ሐዘን ጉሮሮውን ለዘጋው ሰውም ኩንታል ዱቄት አስቀምጦ መሄድ ያው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ሐኪም በሌለበት ስፍራ ለሚሠሩ ጤና ባለሙያዎች ያዘጋጀው መመሪያ አለ፤ አገራችንም ባለሙያዎችን ታሠለጥንበታለች። በ2016 እ.ኤ.አ. በወጣው ሁለተኛ እትሙ ስለ ድብርት፣ ስለ ሚጥል በሽታ፣ ስለ መጠጥና ስለ ሌሎችም ምዕራፍ አለው፤ ስለ አመጋገብ መዛባት ግን የለውም። በገለጉ በርካታ በሽተኞች ተሰልፈው የሚጠብቁት ጤና መኮንን ስለዚህ ጉዳይ የሚገልጠው ገጽ የለውም ማለት ነው።

እኛ ሐኪሞች አይደለንምና መመሪያ አንጽፍም። ልኬትን በሚመለከት ግን የጥያቄዎቹ ቅደም ተከተል ትልቅ ነገር ይመስለናል። ምርመራው ካላዛርንና ወባን ካሰናበተ በኋላ፣ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ምግብ አለህ ወይ ነው፤ ቀጥሎ ከማን ጋር ትበላለህ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ምግብ አልበላ ይልሃል ወይ። የመጀመሪያው ሳይጠየቅ የሦስተኛው መልስ ምን እንደሚለካ አይታወቅም። ሁለተኛው በየትኛውም መጠይቅ ላይ አላየነውም። ያ ወጣት ስድስት ሰው ከከበበው ትሪ ላይ ይበላል፤ ግን ከስድስቱ አንዱም የአገሩ ልጅ አልነበረም፤ «በሞቴ» የሚለውም አልነበረውም።

በሁለተኛው ቀን ማታ አብሳይዋ ያደረጉትን አየን። ወጣቱን ከቦታው አንሥተው ከሌላ ትሪ ላይ፣ ከእሱ ቀዬ ብዙም ከማይርቅ ስፍራ የመጡ ሁለት ሰዎች ካሉበት፣ አስቀመጡት። ምንም አልተናገሩትም፤ ቦታ ጠበበ ብለው ነው ያዛወሩት። እኛ በማግስቱ ጠዋት መኪና አገኘንና ወደ ጎንደር ተነሣን፤ እሱ በዚያ ማታ እጁን የታጠበው ሦስተኛ ሆኖ ነበር።